የአምስት ቀን ጨዋታ

ህንዳዊው የዩኒቨርሲቲ መምህር ራጋቫን፣ ቴፒ ባለው ዲኤስቲቪ ቤቴ አምስት ቀን ሙሉ ክሪኬት አየ። የአገሩ ቡድን እንግሊዝ ሄዶ ነው የሚጫወተው። አምስት ቀን የሚፈጅ ጨዋታ አለ ሲለኝ መቼ አመንኩት፤ «እሁድ አሥር ሰዓት አርሰናል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

እሁድ አሥር ሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ህንድ ለማሸነፍ ከእንግሊዝ ተጫዋቾች አንድ ሰው ብቻ ከጨዋታ ማስወጣት ቀርቷታል።

«ውድነሽ፣ ሰሌዳው ምን ይላል?» አለኝ ጴጥሮስ፣ የሁልጊዜ ደንበኛዬ።

እዚህ ቤት ሰሌዳ ላይ የተጻፈ አይሻርም። ቻናሉን ወደ አርሰናል ቀየርኩት። ራጋቫን ስልኩን ነካካ፤ ኔትወርክ የለም።

እረፍት ላይ ሮጬ ወደ ክሪኬቱ መለስኩለት። ጨዋታው አልቆ ይጨባበጣሉ። ሁለቱም ቡድን ነጭ ነው የለበሰው። ራጋቫን ማን እንዳሸነፈ ከፊታቸው ሊያነብ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

ማስታወቂያ ገባ።