የካሤ ተራ

በሣልስቱ ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ነገሩ እንዲህ ነበር። ግቢው ውስጥ ከተተከለው ድንኳን ሥር ሠላሳ ያህል ለቀስተኛ ንፍሮ ይቅማል። በውስጠኛው ክፍል የሟቹ የአቶ ገብረ ኢየሱስ ኮምፒውተር በርቷል። ልጃቸው ሠርካለም የዳማ ጨዋታውን ምልክት ሁለቴ ትነካለች፤ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ በዚያው ይደርቃል። ማውሱን ቢገፉት፣ ኪቦርዱን ቢደበድቡት አንዳች ነገር አይንቀሳቀስም። ያለው መላ ኮምፒውተሩን በግድ አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት ብቻ ነው።

«ስንተኛው ነው?» አለ ወንድሟ ወንዳወቅ።

«ሦስተኛው።» ሙከራውን ወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

«ጨዋታውን አጥፍተን ከሲዲው እንደገና እንጫነው። አሥር ደቂቃም አይፈጅ።»

«አባባና አያ ካሤ ያልጨረሱትስ ጨዋታ?»

«እሱማ አብሮ ይጠፋል።»

በሩ ሥር በርጩማ ላይ የተቀመጡት አያ ካሤ ይህን ሲሰሙ በዱላቸው መሬቱን መቱ። «በቁሜ! ሳምንት ሙሉ ያሰብሁበትን ነው የምታጠፋው?»

«ጨዋታው የተቀመጠበትን ፋይል ታውቀዋለህ?» አለች ሠርካለም ወንድሟን።

«አላውቀውም።»

«እንግዲያው እጅህን አንሣ።»

አያ ካሤ የሟቹ ወዳጅ ናቸው። ትናንት ከሚኖሩበት ከኒሯቅ በአይሱዙ ተጭነው መጡ፤ ከድንኳኑ ደጃፍ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ ሲያረጋጓቸው ተቀመጡና በሠርካለም ጆሮ «ልጄ፣ ዳማው አለ?» ብለው አንሾካሾኩ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ጨዋታው ሳያልቅ፣ አይሱዙው ጥሩምባ ነፋባቸው። ተራው የካሤ ነበር። ገብረ ኢየሱስ ጨዋታውን አስቀመጡና «ሂድ፣ ኮምፒውተሩ ይጠብቅልሃል። እስክትመለስ አስብበት፤ ብታስብም አታመልጥ!» ብለው ሸኟቸው። ካሤ ሲያስቡ ሰነበቱ። ረቡዕ፣ ፍየሎቻቸውን ውሃ ሲያጠጡ፣ መውጫውን አገኙት። ሐሙስ መርዶው ደረሰ። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ይመለሳል።

ሠርካለም የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሙያውን ከኮሌጅ አገኘችው እንጂ ጠባዩን የወረሰችው ከዚህ ክፍል ነው። አባቷ ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። የተበላሸ ራዲዮ ሲመጣላቸው ለመፍቻ አይቸኩሉም፤ መጀመሪያ እጃቸውን አጣምረው ያዳምጡታል። «አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ከዚያ ተመልከቺ። ከዚያ ጻፊ» ይሏት ነበር። «ሁለት ነገር ባንዴ የለወጠ ሰው ቢጠግነውም በምን እንደዳነ አያውቅም።»

ስለዚህ አንድ በአንድ ሄደች። ማተሚያውን ነቀለች፤ ያው ደረቀ። ሲዲውን ጠርጋ መለሰችው፤ ያው። የስክሪኑን ቀለም ቀነሰች፤ ስድስተኛ ሙከራ፣ ያው። የካርታውን ጨዋታ ስትከፍት ግን ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ይህንንም ጻፈች። ገጹ ሲያልቅባት የአባቷን የድሮ የጥገና ደብተር ከመሳቢያው ሳበች፤ ባዶ ገጽ ስትፈልግ ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ተተከለ። ጮክ ብላ አነበበችው።

«ግንቦት 4 ቀን 1985። ባለቤት፦ ካሤ፣ ከኒሯቅ። ብልሽት፦ የላላ ሽቦ። የፈጀው ጊዜ፦ አራት ደቂቃ። ለባለቤቱ የተነገረው፦ ሦስት ሳምንት።»

አያ ካሤ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አራት ደቂቃ? ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ቁልቁለት እየተመላለስሁ! ‹ዕቃው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው፤ እስከዚያ ና ዳማ እንጫወት› ይለኝ ነበር እኮ! በቆርኪ!»

«ማን ነበር የሚያሸንፈው?» አለ ወንዳወቅ።

«በመጀመሪያው ቀን እኔ አሸነፍሁታ! ለዚህ ኖሯል ራዲዮኔን ያሰረው!»

ወሬው በመስኮት ወጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው፣ ወንዶቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አያ ካሤም ሳቁ፣ ሳቁና ዓይናቸውን ጠረጉ።

የሟቹ እህት እትዬ ዓይናዲስ በሩን በርግደው ገቡ። «ምን የሚሉት ሳቅ ነው? ያውም በሣልስቱ!»

ሠርካለም ኮምፒውተሩን ገና ማስነሣቷ ነበር። በዚህ ጊዜ ስክሪኑን ትታ፣ እንደ አባቷ እጇን አጣምራ አዳመጠች።

«አልዘፈነም» አለች።

«ምኑ?»

«ኮምፒውተሩ። ሲነሣ ሁልጊዜ ይዘፍናል። ዛሬ አንድም ቀን፣ ማለቴ አንድም ጊዜ አልዘፈነም።»

ወንዳወቅ ከጠረጴዛው ኋላ ተንበርክኮ አየ። የስፒከሩ ሽቦ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ የሚሰካበት ቀዳዳም ከነቦታው የለም። «የድምፅ ካርዱን ሰው አውጥቶታል!»

እትዬ ዓይናዲስ ቀና ብለው ጣሪያውን ይመለከቱ ጀመር።

«አክስቴ?» አለች ሠርካለም።

«ምን አጠፋሁ? ሐዘን ቤት ውስጥ ዘፈን አይሰማም ብዬ የራዲዮኑን ባትሪ አወጣሁ። ይኸኛውም ሲያበሩት ይዘፍናል። ኮምፒውተር የሚያውቀውን ያን ጎረቤታችንን፣ ገበያውን፣ ‹የሚዘፍንበትን አውጣልኝ› አልሁት፤ አወጣልኝ። ዘፈኑ ከዳማው ጋር ምን አገናኘው?»

ከመቀነታቸው ላይ አንድ ቋጠሮ ፈቱ። አራት የራዲዮ ባትሪና መዳፍ የማትሞላ አረንጓዴ ካርድ።

«ዳማው ሲከፈት የወታደር ሰልፍ ማርሽ ያሰማል» አለ ወንዳወቅ። «የሚያሰማበት ሲያጣ እዚያው ደርቆ ይቀራል ማለት ነው።»

«ማርሽ? በዚህ ቤት? አርባው ሳይወጣ አይሞከርም!» መልሰው ቋጠሩት።

አያ ካሤ አልለመኑም። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ተዋት፣ ልጄ። ወንድሟ ሊሸነፍ ሲል መሞቱ እንዳይታይባት ነው።»

«ማን? ገብሬ? በየቅዳሜው የሚያሸንፍህ እሱ አይደል?»

«እሱ ነው እንዲህ ያለሽ?»

እትዬ ዓይናዲስ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ካርዱን የወንዳወቅ መዳፍ ላይ አስቀመጡ። «ግጠመው! ጉዱ ይታይ!»

ወንዳወቅ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ካርዱን ገጠመ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ የስፒከሩን ሽቦ ሰካ። ሠርካለም ምልክቱን ሁለቴ ነካች። ስክሪኑ ጠቆረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትቆጥር የማርሹ ጥሩምባ ቤቱን አናጋው። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ መቃሙ ቆመ።

«ስፒከሩን ማን ስካ አለህ?» ጮኸች ሠርካለም። «ሁለት ነገር ባንዴ ለወጥህ!»

«ገብሬ፣ ምነው ይህን በሰማህ!» አሉ አንዲት ሴት ከውጭ፤ ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ራሳቸውን የያዙት እትዬ ዓይናዲስም አልቀሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰሌዳው ተከፍቷል፤ ልክ እንደተተወ ነው። በካሤ በኩል ያለችው፣ ባለተራውን የምታሳየው ትንሽ አረንጓዴ መብራት በርታለች። አያ ካሤ ቀረቡና ማውሱን እንደ ጫጩት በሁለት እጃቸው ያዙ። አንዷን ነጭ ጠጠር፣ ብቻዋን የቆመችውን፣ ወደ ጥግ ገፏት። እጃቸውን አነሡ። መብራቷ ከእሳቸው ጠፍታ በገብረ ኢየሱስ በኩል በራች።

«እኔ ልጫወትለት?» አለ ወንዳወቅ።

«ተራው ያንተ አይደለም» አሉ ካሤ፣ ቀስ ብለው።

እትዬ ዓይናዲስ ጥግ የቆመውን የወንድማቸውን ወንበር ሳቡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ስክሪኑ ፊት አቆሙት።

ሠርካለም ጨዋታውን አስቀመጠችና በአባቷ ደብተር ላይ ጻፈች፦ «የካቲት 1997። ሰባተኛ ሙከራ፣ አምስት ሰዓት ከሃያ፤ ተከፈተ። ነጭ አምስት፣ ጥቁር አራት። ተራ፦ የገብረ ኢየሱስ።»