አልቆ የማያውቀው ሳሙና

የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ የሆነችውን ነርስ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ሳሙና» ይሏታል። ቀለበት አድርጎ የመጣውን ከበር ትመልሳለች፤ ሳይታጠብ የሕፃን ማሞቂያ ሳጥን የነካ ሐኪም እንኳ ቢሆን አትምርም። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቷ አንድ የምትኮራበት ነገር ቢኖር፣ በእሷ ክፍል የእጅ መታጠቢያው ሳሙና አንድም ቀን አልቆ አለማወቁ ነው።

አሁን ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስተኛው ሕፃን ደሙ ተመርዟል። እሱም፣ አራተኛው ሳጥን ውስጥ ያለው፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም የሆነው ልጅ፣ ከትናንት ጀምሮ በማሽን ነው የሚተነፍሰው። ምንጩ ካልተገኘ ሌላም መታመሙ አይቀርም። ኃላፊዋ ስድስት ቀን እረፍት አልወጣችም፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏታል።

ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ጮኸችባት።

«የኮሪደሩን መወልወያ እዚህ ይዘሽ ገብተሻል፣ አይደል?»

«ኧረ እኔ አላስገባሁም ሲስተር! እጄ ታጥቦ ታጥቦ የዶሮ እግር መስሏል፤ ይዩት እስቲ።»

ምሳ ሰዓት ላይ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያው የላቦራቶሪውን ወረቀት ይዞ መጣ።

«መወልወያው ንጹሕ ነው» አለ። «ጀርሙ እጃችሁ ላይ ነው። የሁላችሁም።»

«ሳንታጠብ?» አለች ኃላፊዋ።

«ከታጠባችሁ በኋላ። ሳሙናው ውስጥ ነው ያለው። የሳሙናውን ጠርሙሶች የሚሞላው ማነው?»

«እኔ።»

«ሳሙናው ሲያልቅ ጠርሙሶቹ ታጥበው፣ ደርቀው ነው የሚሞሉት?»

«አልቆ አያውቅም» አለች፤ ኩራቱ ገና ከድምፅዋ አልወጣም። «ግማሽ ሲደርስ እጨምርበታለሁ።»

ሰውየው አንዱን ጠርሙስ አንስቶ ሥሩን አሳያት። ያኔ ገባት። ከጠርሙሱ ሥር ያለው ሳሙና፣ አዲስ እየተደፋበት፣ ጀርም እየተራባበት፣ ስንት ወር እንደተኛ ማን ያውቃል።

«ሳሙና ውስጥ ደግሞ ምን ጀርም ይኖራል?» አለች አጠገባቸው ስትወለውል የነበረችው ጽዳት ሠራተኛ።

«ይኸው ይኖራል» አለ ሰውየው ድክም ብሎት።

ኃላፊዋ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ከረጢት ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞረች። «ይቅር በይኝ።»

«ይሁን ሲስተር። መጀመሪያ ትንሽ ይቀመጡ።»

አልተቀመጠችም። የአራተኛው ሳጥን ልጅ እናት በሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ስታያት ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ታጥቤያለሁ ሲስተር፣ ሁለቴ።»

«እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ልጅሽን ያሳመመው ሳሙናው ነው። የምሞላው ደግሞ እኔ ነኝ። አላወቅኩም፤ ማወቅ ግን ነበረብኝ።»

እናትየው እጆቿን አየቻቸው።

«ይተርፋል?»

«ጀርሙ ስለታወቀ መድኃኒቱን ቀይረንለታል። እስከ ነገ ወዲያ ግን ምንም ማለት አልችልም።»

«እንግዲያው» አለች እናትየው፣ ሳታለቅስም ሳትቆጣም፣ «ልገባ ነው። በምን ልታጠብ?»

ኃላፊዋ ያልተከፈተ የእጅ አልኮል አምጥታ ከፈተችና መዳፏ ላይ አፈሰሰችላት። እስኪደርቅ ድረስ ሁለቱም ቆመው ጠበቁ።