አሥር ሺህ አራት መቶ ሦስት

ሴራሚክ አንጣፊው አማቱን የሚፈራቸው በሒሳብ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እሱ ትምህርቱን ያቋረጠው ከስምንተኛ ነው። ምሳ ላይ እንኳ "ይሄን ዳቦ ለሰባት እኩል ቁረጠው" ብለው ቢላውን ሲሰጡት የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል።

አንድ ሰኞ የጥርስ ሐኪም የሆነች ደንበኛ ክሊኒኳ ጠራችው። ሟች አባቷ በእጃቸው ጠርበው የተዉላትን ትንንሽ ካሬ ድንጋዮች በእንግዳ መቆያው ክፍል ወለል ላይ እንዲያነጥፍላት ነው።

"አንድም አይሰበር፣ አንድም አይትረፍ፤ ዙሪያው ደግሞ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ይሁን" አለችው።

"ስንት ናቸው?"

"አሥር ሺህ አራት መቶ ሦስት።"

ቤት ሲገባ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ለእናቷ ለመንገር ጫማውን እስኪያወልቅ እንኳ አልጠበቀችም።

አማቱ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት ሳቡ። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ ለሁለት አይካፈልም። ለሦስትም እምቢ አለ። ለሰባት ሲሉት አንድ ተረፈ፤ ለአሥራ ሦስት ሲሉት ሦስት። አርባ ሦስት ላይ ሲደርሱ እርሳሱን አስቀመጡት።

"ይሄ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ወይ በአንድ ረድፍ ደርድረህ መንገድ ላይ አውጣው፣ ወይ ሥራው ይቅርብኝ በላት።"

ይቅርብኝ ለማለት አፉ አልታዘዘውም። በማግስቱ ድንጋዮቹን ያለ ሲሚንቶ ከአንድ ጥግ ጀምሮ መደርደር ጀመረ፤ አንድ ረድፍ በጎን፣ አንድ ረድፍ በግርጌ እየጨመረ ካሬውን አሳደገው። ረቡዕ ከሰዓት መቶ ሁለት በመቶ ሁለት ሊሞላ ሲል የመጨረሻዋ ጥግ ባዶ ቀረች። ሳጥኑን ገለበጠ፤ የሱሪውን እጥፋት ሳይቀር ፈተሸ።

"እማማ፣ አንድ ድንጋይ ጠፋብኝ" አለ ደውሎ።

"መቶ ሁለት በመቶ ሁለት አሥር ሺህ አራት መቶ አራት ነው። ምንም አልጠፋብህም፤ ቁጥሩ ራሱ በአንድ ያንሳል። መጣሁ።"

እሳቸው እስኪደርሱ ቁጢጥ ብሎ ካሬው ላይ አፈጠጠ። አንድ የጎደላት የግርጌዋ ረድፍ ብቻ ናት፤ መቶ አንድ ድንጋይ አላት። ከሷ በላይ ያሉት ረድፎችም ሲቆጠሩ መቶ አንድ ናቸው። ረድፏን አንድ በአንድ አንስቶ በካሬው ጎን ከላይ እስከ ታች አቆማት። ልክክ አለች።

አማቱ ገብተው ቆጠሩ። መቶ አንድ በመቶ ሦስት። መልሰው ቆጠሩና ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ቸኮልኩ" አሉ ቀስ ብለው። "ትንሽ ብገፋ ኖሮ መቶ አንድ ላይ አገኘው ነበር። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም አይካፈሉም፤ ስለዚህ ሌላ አራት ማዕዘን የለውም። ያለውን አንድዬውን ነው ያገኘኸው።"

"እኔ እኮ ያሰብኩት ነገር የለም፣ እማማ። አዞርኳት እንጂ።"

"እሱን ነው የምልህ።"

ከዚያ ወዲያ ድንጋዮቹን በሲሚንቶ ሲያጣብቅ በየቀኑ እየመጡ ያቀብሉት ጀመር። ሥራው ያለቀ ዕለት ሐኪሟ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ከዳር እስከ ዳር ተራመደችበት።

"አማቼ ነው የሠራው" አሉ ሴትዮዋ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።