አምስተኛዋ ታካሚ

...እና ቦርዱ ዘጠኝ ሰው ነው፣ ከዘጠኙ አምስቱ እዚሁ ጤና ጣቢያ የሚታከሙ መሆን አለባቸው፣ ይህን ቨርኔታ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አዲስ አባል በገባ ቁጥር ደንቡን የምታነበው እሷ አይደለች፣ ታካሚ ማለት ባለፉት ሁለት ዓመታት ቢያንስ አንዴ የታየ ሰው ነው፣ ስታነብ ድምፅሽ ያምራል ይሏታል፣ አሁን ግን መኪናዋን ጤና ጣቢያው በር ላይ አቁማ ተቀምጣለች፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ እጇ መሪው ላይ ነው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

ሁለት ዓመቷ ነገ ይሞላል።

ዳይሬክተሩ ላማር ነው ጠዋት የደወለላት፣ እትዬ ቨርኔታ እንዳይቆጡኝ፣ መዝገብዎን አይቼ ነው፣ ከጋሽ ሩፈስ ወዲህ አንድም ቀን አልታዩም፣ ነገ ካለፈ ታካሚ አይባሉም፣ ታካሚ አባል አራት ብቻ ከቀረን ደግሞ ሐሙስ ድምፅ መስጠት አንችልም፣ የቅዳሜው ሕክምና መቀጠሉ ሳይጸድቅ ይቀራል፣ ምንም አያመኝም እኮ ላማር፣ ግድ የለም፣ ግፊትዎን ብቻ ይለኩ።

ባሏ ሩፈስ እዚህ ነው የሞተው፣ ሆዴን አመመኝ ብሎ መጣ፣ ልቡ ነበር፣ ወዲያው ቀጥ አለ፣ እሷንም አስቀምጠው ግፊቷን ለኩ፣ ደህና ነው አሏት፣ ደህና ነበር፣ አላለቀሰችም፣ ጎረቤቱ ዶሮ ጠብሶ የስኳር ድንች ኬክ ጋግሮ መጣ፣ ጠንካራ ሴት፣ ጠንካራ ሴት አሏት፣ በላች፣ ጥጥ ጥጥ አላት፣ ከዚያ ወዲህ ለስብሰባ በጓሮ በር ትገባለች፣ አንድም ቀን አልቀረችም።

ትወርዳለች። ትገባለች። አንድ ወንበር ባዶ ነው፣ ትቀመጣለች።

አጠገቧ ከዓሣ ፋብሪካው የመጣች ሴት፣ ነጭ ቦቲ ጫማዋን እንዳደረገች፣ አውራ ጣቷ አብጦ እንቁላል አክሏል፣ እትዬ፣ ቅዳሜ ሊዘጋ ነው የሚሉት እውነት ነው እንዴ፣ ዛሬ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት፣ ሌላ ጊዜ ማን ይለቀኛል፣ አለቃችን እንደሆነ እናቴ ብትሞት እንኳ ከቀብር መልስ ነይ ነው የሚለው፣ ሴትዮዋ በራሷ ቀልድ ትስቃለች፣ ቨርኔታ ሳቅ እንደሆነ ይገባታል፣ አይዘጋም ትላለች፣ ከአፏ ሲወጣ ትሰማዋለች።

ነርሷ ጆሊን ትጠራታለች፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ፣ ጨርቁ ክንዷን ጭምቅ ያደርጋል፣ ጭምቅ፣ ይለቃል፣ እንግዲህ ምን ይሰማዎታል፣ ምንም፣ ምንም ብዬማ አልጽፍም እትዬ፣ እንግዲያው ለምርመራ ብለሽ ጻፊ፣ ጆሊን ትስቅና ትጽፋለች፣ ቀኑን፣ ስሟን፣ አለቀ፣ ሐሙስ አምስት ናቸው፣ የቅዳሜው ይጸድቃል፣ እጅጌዋን አውርዳ መሄድ ትችላለች።

አትነሣም።

ምነው፣ እትዬ ቨርኔታ፣ ምንም እኮ ነው ያልሽኝ... ያሉኝ፣ ቨርኔታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጆሮ ሥዕል ታያለች፣ ውስጡ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር አለ፣ ካልሲዎቹን አጥባቸዋለሁ ትላለች፣ የማንን፣ የሩፈስን፣ ሰኞ ሰኞ፣ ማንም አያደርጋቸውም፣ ንጹሕ ናቸው እኮ፣ አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፣ አጥፌ እመልሳለሁ፣ ጆሊን እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና በእግሯ በሩን ትዘጋለች፣ ወንበሯን ስባ ጉልበቷ የቨርኔታን ጉልበት እስኪነካ ትጠጋታለች፣ እና ስታጥቢያቸው ምን ይሰማሻል እናቴ፣ ቨርኔታ ታስባለች፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም፣ ውሃው፣ ትላለች፣ ውሃው ይሞቅ ይቀዝቅዝ አላውቀውም።