የአካሉ ወይስ የፎቶው

የለኪዋ ሥራ ለሰው ሲያወሩት ቀልድ ይመስላል። ድርጅቱ «የሰው እጅ ሳይነካዎት፣ ከቤትዎ ሳይወጡ በልክዎ እንሰፋለን» ብሎ ያስተዋውቃል። ደንበኛው ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ጥብቅ ያለ ልብስ ለብሶ፣ ከፊትና ከጎን ፎቶ ይነሳል። ማሽኑ ከፎቶው ላይ ልኩን ያወጣል፣ ሌላ ማሽን ጨርቁን ይቆርጣል፣ ታች ቤት ያሉት ሴቶች ይሰፉታል። አንድ ነገር ግን ማሽኑን ያቅተዋል። የአንዱ ሰው ትከሻ ዝቅ ካለ፣ ያንዷ ሆድ በአንድ ወገን ካበጠ፣ ግራ ይገባውና ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ምስሉ ፊቱ ተሸፍኖ፣ አመድ መስሎ ለኪዋ ፊት ይመጣል። ከሥሩ በጣት የሚጫኗቸው ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ «የአካሉ ነው» ይላል፣ ሌላው «የፎቶው ነው»። የአካሉ ነው ካለች ጨርቁ እንደ ሰውየው ተጣሞ ይቆረጣል። የፎቶው ነው ካለች ማሽኑ ራሱ አቃንቶ፣ የጎደለውንም ሞልቶ፣ በዚህ ቁመት ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው ብሎ ይቆርጠዋል።

ትምህርቷ ከፊደል ብዙም አላለፈም። ሥራውን ያገኘችው ዕድሜዋን ሙሉ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሰው ስትለካ ስለኖረች ነው። አለቃዋ፣ ሴቶቹ «ቻርጀር» የሚሉት፣ ገመድ ይዞ ሶኬት ሲፈልግ የሚውል ወጣት ነው። የመጀመሪያው ቀን ወንበሯን አሳያትና፣

«እትዬ፣ እርስዎ በተጫኑ ቁጥር እሱ ይማራል» አላት።

«ተምሮ ሲጨርስስ?»

አንገቱን አከከ። «ያኔ እንግዲህ ሌላ ሥራ እናያለን።»

«እንግዲያውስ ቀስ ብዬ ነዋ የማስተምረው!»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር።

አንድ ጠዋት ሻይዋን ይዛ ገና ከመቀመጧ አንድ ምስል መጣ። ክው አለች። ፊት ባይኖረውም እህቷ ናት። ግራ ክርኗ አይዘረጋም፤ ልጅ ሆነው ከግንብ ላይ ወድቃ ተሰብራ በቅጡ ሳይገጥም የቀረ ነው። ቀኝ እጇን ደግሞ እንደ ልማዷ፣ ልትቆጣ እንደተዘጋጀ ሰው፣ ወገቧ ላይ ሰክታዋለች። ሌላው ሁሉ ግን የእሷ አልነበረም። ያቺ በር ሞልታ የምትገባ ሴት ትከሻዋ የልብስ መስቀያ ሆኗል። ሆዷ በአንድ ወገን ተነፍቷል፣ እግሮቿ ቀጥነው ቀጥነው አልቀዋል። ከምስሉ ሥር የደንበኛው ማሳሰቢያ ነበረ፦ «ከአንገት እስከ ታች ድረስ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ቀሚስ። ለፎቶው እንደምንም ቆምኩ እንጂ ተኝቼ ነው የሚያለብሱኝ፤ እንዳይቸገሩ።»

ለኪዋ ቃል በቃል እየቆጠረች አነበበችው። ከዚያ «አይደለችም» አለች ጮክ ብላ፤ አጠገቧ ግን ማንም አልነበረም። «የፎቶው ነው» የሚለውንም ተጫነች። ማሽኑ እሺ አለ። ትከሻውን ሞላው፣ ሆዱን አስተካከለው፣ ክርኑን ሳይቀር ዘረጋላት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ደህና ሴት ቆመች። እውነት ለመናገር ለኪዋ ደስ አላት።

ሁለቱ እህትማማቾች የተኳረፉት በእናታቸው ነው። እናታቸው የታመመች ጊዜ ታላቋ ሆስፒታል ትግባ አለች፣ ለኪዋ ከቤቷ አትውጣ አለች። ታላቋ አሸነፈች። እናትየዋም ከቀዶ ጥገናው ሳትነቃ ቀረች። ለኪዋ በለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ነሽ የገደልሻት!» አለቻት። ዘመድ መሀል ቢገባም አልሆነም። ለኪዋ ግግም አለች። እሷ ታላቅ ናት፣ እሷ ትጀምር አለች። የምትለው እንዲህ ነው እንጂ ልቧ የሚያውቀው ሌላ ነበር፤ ያን ቃል የሚመልስ ቃል ከየት እንደሚመጣ ጠፍቷት ነው።

ማታ ለባሏ ነገረችው። «ዛሬ እህቴን የምትመስል ሴት አየሁ።»

«ደውይላታ።»

«እሷ እጅ የላትም?»

«እናንተ ሁለታችሁ» አለ ባሏ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ «አንዳችሁ ስትሞቱ ሌላችሁ ቀብር ላይ ፊት አዙራችሁ ነው የምትቆሙት።»

ለኪዋ ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች። እንቅልፍ ግን በዓይኗ አልዞረም።

ልብሱ ተሰፍቶ ተላከ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። የተመለሰ ዕቃ የምትከፍተው ሬዲዮ ናት፤ ዝም ማለት ስለማትችል ነው ስሙ የወጣላት። ካርቶኑ ውስጥ ያገኘችውን ወረቀት ለሴቶቹ ሁሉ አነበበችላቸው።

«ስሙኝማ! ‹ልብሱ ቆንጆ ነው፤ ግን የሌላ ሰው መሰለኝ፣ የጤነኛ ሴት። የኔን ቶሎ ብትልኩልኝ፤ ብዙ ጊዜ የለኝም።› ኧረ ወይዘሮዋ! ጊዜ ያጣችው እሷ ብቻ ናት እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ለኪዋ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ወርዳ ወረቀቱን ከሬዲዮ እጅ ወሰደች፣ ቀሚሱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሳቁ እዚያው ተቆረጠ።

ቻርጀር በር ላይ አገኛት። «እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«ደንበኛ ልለካ።»

«እኛ እኮ ሰው አንነካም። የምንታወቀውም በሱ ነው።»

«እኔ እነካለሁ።»

«ማሽኑ ተሳስቶ ነው?»

«ማሽኑማ ምን አጠፋ? ጠየቀኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

የእህቷን ቤት መቼም አልረሳችውም። በሩን የከፈተችላት የእህቷ ልጅ ናት። ልጅቷ አክስቷን አየቻት፣ ገለል ብላም አሳለፈቻት። አልጋው ወደ መስኮቱ ተጠግቷል። ሳህን፣ ፎጣ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ወንበሩ ላይ ተደርድሯል።

«ማነው?» አለ ከአልጋው የመጣ ቀጭን ድምፅ።

«አክስቴ ናት፣ እማ።»

ያው ድምፅ «በራሷ እግር?» አለ።

«በራሴ እግር ነው፣ እታለም። ልቀመጥ?»

«ወንበሩ ላይ ያለውን አንሺና ተቀመጪ። አንቺ ሚጢ፣ ወፈርሽ።»

«ያንቺንም ይዤልሽ ነው የምዞረው።»

ታላቋ ልትስቅ ሞክራ ሳል ቀደማት። ለኪዋ ደግፋ አነሳቻት፣ ውኃ አጠጣቻት፣ መልሳ አስተኛቻት። እጇ ላይ የቀረው ክብደት የሕፃን ነበር። ቀሚሱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይኼን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እዚያ ነው የምሠራው። ፎቶሽን አይቼ አወቅኩሽ፤ ግን የፎቶው ጥፋት ነው ብዬ ተጫንኩ።»

«እኔም መስታወት ሳይ እንደዛው ነው የምለው» አለች እህቷ።

ለኪዋ ከንፈሯን ነከሰች። «እታለም፣ ያን ቀን በእማዬ ለቅሶ የተናገርኩሽ ነገር…»

«ተይው።»

«አልተወውም!»

«እንግዲያው ስሚ። ሕመሙ ሲጀምረኝ ሐኪሙ ሆስፒታል ግቢ፣ እብጠቱ ይወጣልሻል ብሎኝ ነበር። ሄድኩ። እማዬን ያስገባሁበት በር ላይ ስደርስ ያንቺ ድምፅ መጣብኝ። እግሬ እምቢ አለ። ተመለስኩ። በማግሥቱም እንደዛው። በኋላ ሐኪሙ ራሱ ዘገየሽ አለኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ልወቅስሽ አይደለም። አልተወውም ስላልሽ ነው።»

የእህቷ ልጅ ሳህኑን አንስታ ወጣች። ለኪዋ ይቅር በይኝ ልትል ፈልጋ አፏ ላይ አነሰባት፤ ተወችው። ተነስታ ሜትሩን አወጣች። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ትከሻዋን ለካች፣ ደረቷን ለካች፣ ያበጠውን ሆዷን በሜትሩ ዞረችው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አልጻፈችም፤ በቃሏ ያዘችው።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለች እህቷ ዓይኗን ጨፍና።

«ድሮም ቀዝቃዛ ነው።»

«ድሮም ትይኛለሽ እንጂ አታሞቂውም።»

ለኪዋ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም። ስስ ጨርቅ ገዝታ ቤቷ በራሷ የስፌት መኪና ሰፋችው፤ ስፌቱ እንዳይቆረቁር ብላ ከውስጥ በኩል ሸፈነችው። ይዛላት ስትሄድ እህቷ ከተለካችበት ቀን ወዲህ ይበልጥ ከስታ ሌላ ሰው ሆና ጠበቀቻት። ከልጅየዋ ጋር አገላብጠው አለበሷት። ቁልፉን እስከ አንገቷ ዘጉላት።

ታላቋ በሁለት ጣቷ ደረቷ ላይ ያለውን ጨርቅ ዳበሰችው። «ልክ ነው» አለች።

ልክ አልነበረም። በወገቧም በትከሻዋም በኩል ብዙ ጨርቅ ተርፏል።

«አዎ፣ ልክ ነው እታለም» አለቻት ለኪዋ፤ የተረፈውንም እንዳይጎረብጣት ከጀርባዋ ሥር ቀስ አድርጋ ዘረጋጋችው።