ሻማው ለኮርማክ

ዴርቭላ ወደ መንደሩ አዳራሽ መሄድ አልፈለገችም። ልጇ ኮርማክ የተሳፈረባት የዓሣ ጀልባ ከጠዋት ጀምሮ በሬዲዮ ብትጠራ አትመልስም፤ ነፋሱ ደግሞ ጣሪያ ሊነቅል ምንም አልቀረው። እንኳን በዓል ማክበር፣ ውሃ መጎንጨትም አቅቷታል። አማቷ እማማ ሃኖራ ግን ለባብሰው በር ላይ ቆመዋል።

«ስልክ ላይ ማፍጠጥ ጀልባ ጎትቶ አያመጣም» አሏት። «የሴቶች ገና ነው፣ ሴት ከሥራ የምታርፍበት ቀን። ዛሬ ቤቷ የምትቀር ሴት የለችም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትመልስላቸው ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር ሲነታረኩ የኖሩ አማትና ምራት ናቸው። ባሏ ከሞተ በኋላማ ባሰ፤ ሴትዮዋ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ዛሬም የመጋረጃውን አሰቃቀል ሳይተቹ አይውሉም። ዴርቭላ በልቧ «መቼ ይሆን የምገላገላቸው» ያለችባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ሰው ናት፣ ምን ታድርግ! ዛሬ ግን ለጠብም ጉልበት አጥታ ተከተለቻቸው።

ወንዶቹ እንደ ደንቡ ቤት ቀርተው ሳህን ያጥባሉ። አዳራሹን የሞሉት ሴቶች ናቸው። የመንደሩን የባህል ማኅበር የምትመራው አትራክታ የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ከከተማ የመጣች ስትሆን የተረሳ ወግ ቆፍራ ማውጣት ትወዳለች። ዘንድሮ ያወጣችው ወንፊት ሙሉ አጃ ነው፣ አጃው ላይ ደግሞ የማኅበሩ ሴቶች በእጃቸው የሠሯቸው ሻማዎች ተተክለዋል። እያንዳንዷ የቤተሰቧን ሰው ስም እየጠራች ትለኩስ ተባለ። ዴርቭላ የትውልድ መንደሯ ከባሕሩ የራቀ ነው፣ ወጉን አታውቀውም። ጸሎት መስሏት አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለአማቷ፣ አንዱን «ለኮርማክ» ብላ ለኮሰች።

እማማ ሃኖራ በር ላይ ከጎረቤት ጋር ሲያወሩ ቆይተው ገቡ። ወንፊቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ስም ጠርታችኋል?»

አትራክታ ደስ ብሏት አዎ አለች። አሮጊቷ ወንበር ስበው ተቀመጡና ነገሩን ተናገሩ። ወጉ በአያታቸው ቤት ነበረ፣ እናታቸው ናቸው ያስቀሩት፤ የአንድ ቤት ሻማዎች በጠፉበት ተራ የቤቱ ሰዎችም ይሞታሉ ይባላልና። መጀመሪያ የጠፋው መጀመሪያ ይቀበራል። አትራክታ ቀላች። ለካ ወጉን ያገኘችበት መጽሐፍ ላይ አንብባዋለች! የድሮ ሰው ወሬ ነው፣ ደስም አይልም ብላ ያንን ክፍል ብቻ ትታዋለች። የእባቡን ራስ ለቆ ጭራውን መያዝ ይሄ ነው።

ማን ያጥፋቸው? የማንንስ አስቀድሞ? እያንዳንዷ የራሷን ሻማ ዓይን ዓይኑን ማየት ጀመረች። የኮርማክ ከሁሉም ቀጭን ነበር። ክሩ በቀለጠው ሰም ውስጥ እየሰመጠ ሄደ፤ ነበልባሉ ባቄላ አከለ፣ ከዚያ ምስር።  ዴርቭላ ጠዋት ቢነግሯት በእንዲህ ያለ ነገር ትስቅ ነበር፣ አሁን ግን ሳቅ የት ይምጣ። ብድግ አለችና ወደ ራሷ ሻማ አጎንብሳ ትንፋሿን ሳበች። ልጇን ልትቀድመው ነው።

እማማ ሃኖራ የእጇን አንጓ ያዟት።

«ተራሽን ጠብቂ። እኔ እያለሁ አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትቀድሚኝ?»

«ይተዉኝ እማማ፣ ልጄ ነው።»

«ልጅሽ ከሆነ እናት ያስፈልገዋል። እኔ ምን አደርግለታለሁ?»

የራሳቸውን ሻማ እፍ አሉት። ትንፋሻቸው አልበቃም፤ ነበልባሉ ዘንበል ብሎ ተመለሰ፣ እሳቸውን ሳል ያዛቸው። ዴርቭላ «ቶሎ ይበሉ» ልትል ቃጣትና በራሷ አፈረች። በሁለተኛው ጠፋ። «አሁን ያንቺን» አሏት፤ አጠፋችው። የኮርማክ ሻማ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በራሱ ሰምጦ ጠፋ።

የበዓሉ ኬክ ሳይቆረስ ከወደቡ ተደወለ። ጀልባዋ ደሴት ተከልላ ነው የዋለችው፤ ማዕበሉ የሬዲዮውን አንቴና ሰብሮባት ነበር እንጂ ሁሉም በሕይወት አሉ። ሴቶቹ ተቃቀፉ፣ አትራክታ ከሁሉም በላይ አለቀሰች። ዴርቭላ «ተመስገን» ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ እማማ ሃኖራ ሳሉ። አሁንም ደገሙ።

ዴርቭላ ዞራ አየቻቸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እሷ ግን ስትመኘው የኖረችውን መገላገል ነው ዛሬ የፈራችው።

«ይሄ ሳል መቼ ነው የጀመረዎት?» አለች።

አሮጊቷ ዓይኗን ትኩር ብለው አዩ። ምን እንደገባት ገባቸው።

«አንደኛ እሆናለሁ አልኩ እንጂ» አሉ፣ «ነገ እሄዳለሁ አላልኩም።»

ዴርቭላ ልትስቅ ፈለገች፣ አልሆነላትም። ክንዳቸውን አጥብቃ ይዛ፣ ልጇ በተረፈበት ቀን፣ ሰው ሁሉ እያያት ለአማቷ አለቀሰች።