ባዶ የተባለው ባሕር

ባሕሩ ባዶ ነው ብላ ለመፈረም የቀራት ያቺ አንዲት ቀን ብቻ ነበረች። ነገ ወደቡን የሚያሰፉት ሰዎች ግዙፍ የብረት ምሰሶዎቻቸውን ከባሕሩ ወለል ላይ መቀጥቀጥ ይጀምራሉ። አንዲት ዓሣ ነባሪ እንኳ እዚያ መኖሯ ከተረጋገጠ ግን ሥራው ይቆማል። ማረጋገጫው ደግሞ ድምፅ ነው። ውኃ ውስጥ የሰመጠው ማይክሮፎን የቀዳውን ሁሉ የምታዳምጠው እሷ ናት፤ ባልደረቦቿም «ጆሮ» ይሏታል። አምና አንዲት ዓሣ ነባሪ እዚያው ሰምታ ነበር። ዘንድሮ ግን የት እንደገባች እንጃ።

ሰሞኑን የምትሠራው ቤቷ ሆና ነው። ማዳመጫውን ስትደፋ ክፍሉ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ መጋረጃው ውኃ ውስጥ እንዳለ ይወዛወዛል፣ የእናቷ የስፌት ጠረጴዛ ከወለሉ ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ይመስላታል። መርከብ ያጓራል፣ ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር ፍጥረት ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንጣጣል። ይህን ጫጫታ የሚያጠራላት አዲስ ፕሮግራም አላት። እንስሳ የሌለበት ቅጂ ታሰማዋለች፤ እሱም ባዶ ባሕር ይህ ነው ብሎ ያንኑ ድምፅ ከሌላው ቅጂ ሁሉ ላይ ይቀንሳል። እሷም መርከብ የማያልፍበትን የንጋት ሰዓት መርጣ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ብትሰማ፣ ብትሰማ፣ ወፍ የለም።

ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ደወሉላት።

«እህስ፣ ጆሮ? ተገኘች?»

«ኧረ ምንም የለም፣ ጋሼ። ሆዴ ግን አላመነም።»

«እኔም ያለ ማስረጃ አፌን ሞልቼ አልከራከር ነገር... ቆይ፣ ማነው እዚያ የሚያንጎራጉረው?»

«ማንም። ቤቱ ጭር ብሏል።»

«ኧረ ተይ! እኔ እዚህ ሆኜ እየሰማሁ?»

ዘወር አለች። እናቷ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጥላ ቁልፍ ትተክላለች። ከንፈሯ ሳይከፈት አንድ ያረጀ ዜማ ይወጣል። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲያስተኛት የኖረ ዜማ ነው፤ ከመልመዷ ብዛት ጸጥታ አድርጋው ቁጭ ብላለች። ስንት ዓመት ሆናት ካልሰማችው? አፈረች። ከዚያ ያ የንጋት ቅጂ ትዝ አላትና ክው አለች።

«መልሼ እደውልልዎታለሁ።»

ፕሮግራሙን ዘግታ፣ ባዶ ያለችውን የንጋት ቅጂ እንዳለ ከፈተችው። ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ ውኃ ብቻ ነበር። ከዚያ ከሥር፣ ከውኃው በታች ሌላ ውኃ ያለ ይመስል፣ እምም... ፋታ። እምም... ፋታ። ሞተር ትንፋሽ አይሰበስብም፤ ይቺ ግን ትሰበስባለች። መርከቦቹ ዞር ሲሉላት ብቻ የምትናገረውን ፍጥረት፣ ባዶ ባሕር ብላ ለፕሮግራሙ ሰጥታ፣ በገዛ እጇ ከቅጂው ሁሉ ስትደመስሳት ከርማለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እናቷ ቀና ብላ ዜማዋን አቋረጠች።

«ምነው ልጄ፣ ረበሽኩሽ እንዴ?»

«አይ፣ እማዬ። ነይማ፣ ይህን ስሚልኝ።»

እናቷ ጸጉሯ እንዳይበላሽ እየተጠነቀቀች ማዳመጫውን አጠለቀች። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አዳመጠች።

«ውይ፣ የኔ እናት» አለች ቀስ ብላ። «ሰው የሚሰማት አልመሰላትም።»

ልጅቷ ስልኩን አነሣች።

«ጋሼ፣ አግኝቻታለሁ! እዚያው ናት፣ የትም አልሄደችም።»

ከጀርባዋ ዜማው እንደገና ጀመረ። በዚህ ጊዜ ሰማችው።